ደብረ ብርሃን ላይ የኮራል አኳሪየም፦ ለኮራሉ ብቻ ስንት ልመድብ?

ጠባሴ_ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነኝ። ጉፒና ጎልድፊሽ ሳረባ ቆይቼ አሁን ዓይኔ ኮራል ላይ ወድቋል። 200 ሊትር የሚይዝ መስታወት አሠርቻለሁ። ሳሎን ቆሟል፣ ውሃ ገና አልገባበትም። ግራ የገባኝ ዋጋው ነው። የውጭ ሻጮች ገጽ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ 15 ዶላር ትላለች፣ ከጎኗ ያለችው እሷኑ የምታክል ደግሞ 300 ዶላር። ለእኔ ሁለቱም ቀለም የተቀባ ድንጋይ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ዱባይ እህት አለችኝ፣ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣ ብታመጣልኝስ? ባለቤቴ «ለድንጋይ ዶላር ልታወጣ ነው?» ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁማዋለች። እስቲ የምነግራት ነገር ስጡኝ።

አንኮበሬው_ቨርጂኒያ፦
መጀመሪያ ለባለቤትህ ድንጋይ አይደለም በላት። እንስሳ ነው። ብዙ ጥቃቅን አፍ ያላቸው ፍጥረታት ተያይዘው የሚኖሩበት ነው፣ ሥጋቸው ውስጥ ደግሞ አልጌ አለ፣ አልጌው ከብርሃን ምግብ ሠርቶ ያካፍላቸዋል። ለዚህ ነው መብራቱ ውድ የሚሆነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ለስላሶቹ፣ ማለትም ጠንካራ አጥንት የሌላቸው ኮራሎች፣ ርካሽ ናቸው። ማሽሩም፣ ዜኒያ፣ ግሪን ስታር፣ ተራ ዞአንተስ እዚህ አሜሪካ ከ10 እስከ 30 ዶላር ይገኛሉ። ቶሎ ስለሚባዙ ነው፣ ዜኒያማ አንዴ ከያዘ እንደ አረም ነው፣ ሰው በነፃ ይሰጥሃል። ሃመርና ቶርች የሚባሉት አጥንት ያላቸው ባለ ትልቅ አፍ ኮራሎች ከፍ ይላሉ። አክሮፖራ ደግሞ ውሃው ትንሽ ሲዛነፍ ነጭ ሆኖ የሚሞት ቀበጥ ነው፤ 300 ዶላር ያየሃት ቁራጭ ምናልባት የእሱ ዘር ሳትሆን አትቀርም። እዚያ ላይ የምትከፍለው ለቀለሟና ሻጩ ላወጣላት ስም ነው። ያው ዝርያ ተራ ቡኒው በ20 ዶላር ይሸጣል። ፎቶዎቹን ደግሞ በሰማያዊ መብራት ሥር ስለሚያነሷቸው አትመናቸው፣ ቤትህ ስትገባ ሌላ ነገር ናት።

የሻንጣውን ነገር እርሳው። አጥንት ያላቸው ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፣ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ እህትህንም ችግር ውስጥ ትከታታለህ። ለስላሶቹ ብዙዎቹ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ ግን ሕይወት ያለው እንስሳ ስለሆኑ እነሱንም ሳይጠይቁ ይዞ መግባት አይሆንም።

ቆለኛው_ሸዋሮቢት፦
እናንተ ደጋ ላይ ያላችሁ ታድላችሁ 😄 ኮራል 25 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈልገው። እኔ ጋ ሚያዝያ ላይ ውሃው 30 ያልፋል፣ ማቀዝቀዣ ማሽን ካልገዛሁ ተቀቅሎ ነው የሚያድረው። ዋጋውን ጠይቄ ዝም አልኩ። ጣርማ በርን ተሻግረህ እኔ ጋ ስትወርድ ችግሩ ይገለበጣል፣ ወጪው ግን ያው ወጪ ነው።

ወፍጮ_ቤት፦
በዚህ ብር የመንዝ በግ ግዛ። ለፋሲካ እህትህም ትበላዋለች።

አኳ_አዲስ፦
በጉን ተወው፣ እኔ ግን ከኮራሉ ዋጋ ይልቅ ሌላው ያሳስበኛል። ሥራዬ አኳሪየም መትከል ነው።

ሂተር፦ ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። 300 ዋት ሂተር ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር 108 ማለት ነው። መብራቱና ፓምፖቹ ገና አልተቆጠሩም።

ጨው፦ እባክህን የአፍዴራ ጨው በጥብጬ እሞክራለሁ እንዳትል፣ ይህን ያላለኝ ደንበኛ የለም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነው፣ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየምም 1300 አካባቢ ያስፈልገዋል። ለሪፍ፣ ማለትም ለኮራል አኳሪየም፣ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልግሃል። በሊትር 35 ግራም ስትል መጀመሪያ ለመሙላት 7 ኪሎ ይሄዳል። ከዚያ በየሳምንቱ 20 ሊትር ብትቀይር 700 ግራም ነው። የ20 ኪሎ ከረጢት አራት ወር ያህል ያቆይሃል።

ሌላው ሰው የማያስበው ከፍታውን ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 2800 ሜትር ላይ ነህ፣ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃህ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ የውሃውን ገጽ በደንብ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕና ጥሩ ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ) ያዝ፣ አሳም አታብዛ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገድልህ ብርዱ ሳይሆን የውሃው ዝም ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ርካሽ ነው፣ ከኮራሉ በፊት እሱን ግዛ።

ብር አትመድብ፣ ዶላር መድብ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ዛሬ የጠየቅከው ዋጋ በወሩ ሌላ ነው። እኔ ብሆን ለኮራል 100 ዶላር ይዤ አራት አምስት ለስላሳ ቁራጭ እገዛለሁ፣ ሌላውን በሙሉ ለዕቃው።

ጠባሴ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ አንብባው «እንስሳ ከሆነ ማን ነው የሚያበላው?» አለች 😅 የበጉንም ሐሳብ ወዳዋለች። ሁለት ነገር ልጨምር። ልጆች አሉኝ፣ አደጋ አለው? ውሃውስ የቧንቧ ወይም የምንጭ ይሆናል?

አንኮበሬው_ቨርጂኒያ፦
ለስላሶቹ ጥሩ መብራት ካገኙ ማብላት ብዙም አያስጨንቅህም። ልጆች ካሉ ግን ዞአንተሱን ተወው፣ አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። በቆሰለ እጅ አይነካም፣ ድንጋዩም በፈላ ውሃ አይታጠብም፣ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል። ማሽሩምና ሌዘር የሚባለው ሌላ ለስላሳ ኮራል ይበቁሃል። ደግሞ አትቸኩል፣ ውሃው ውስጥ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪደራጁ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ እስከዚያ ኮራል የሚባል አይገባም።

አኳ_አዲስ፦
የቧንቧው ክሎሪን አለው፣ አሮጌ መስመር ከሆነ መዳብም አይጠፋም፣ መዳብ ደግሞ ለኮራል መርዝ ነው። የምንጩ ለሰው ይጥማል እንጂ ምን ማዕድን እንደያዘ ሳትለካ አታውቅም። አርኦ የሚባለውን፣ ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት አሳልፎ የሚያጣራ ማጣሪያ ግዛ፣ መጨረሻው ላይ ዲአይ፣ የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ ክፍል፣ ያለው ይሁን። ሲተንም የምትሞላው ያንኑ የተጣራ ውሃ ነው፣ ጨው አትጨምርበትም፣ ጨው አይተንምና። የእናንተ አየር ደረቅ ነው፣ የሞቀ ውሃ ይዘህ በየቀኑ ስትሞላ ነው የምትውለው። ማጣሪያው ሲተከል ቲዲኤስ መለኪያው (ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚያሳየው) 0 ማለቱን አይተህ ጻፍልኝ፣ ከዚያ ስለ ጨው አበጣጠሩ እናወራለን።