«ረክሷል» የተባለው ፕሌይስቴሽን 2፦ ሃርድ ዲስክ መበየድ ጥገና ነው ወይስ ጥፋት?

የቀጨኔው ጠጋኝ፦
ትናንት አንድ ወጣት፣ ሌንሱ ደክሞ ዲስክ ማንበብ ባቆመ ስሊም (ቀጭኑ ሞዴል) ፕሌይስቴሽን 2 ላይ በገዛ እጁ ሽቦ በይዶ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ እንደገጠመለት በፎቶግራፍ አሳየን። ከሥሩ «ጥንተ ጌም» የተባሉት አባል «ይህ ዕቃ ረክሷል፤ ከእንግዲህ ፕሌይስቴሽን ሊባል አይገባውም» ብለው ጻፉ። ይህ ቃል ሲከነክነኝ አደረ። የሞተ ዕቃ ሲነሣ ረከሰ የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው? ወፍራሙ ሞዴል ለሃርድ ዲስክ ተብሎ የተተወ ክፍል ከኋላው ነበረው፤ ሶኒ ራሱም ለዚያ ክፍል የሚሆን ባለ 40 ጊጋባይት ዲስክ ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ስሊሙ የ70000 ሞዴል ያንን ክፍል ቢያጣም የዲስኩ መስመሮች ከቦርዱ ላይ አልጠፉም። ልጁ እነዚያን መስመሮች ፈልጎ አገኘ፤ ባዕድ ነገር አልጨመረም።

ጥንተ ጌም፦
ቃሌን አላጥፍም። የዚህ ዕቃ ምርት እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ቆሟል፤ ዛሬ የሚበላሽ እያንዳንዱ ቦርድ ምትክ የለውም። መበየጃ ከሚገባው በላይ ከሞቀ ወይም በአንድ ቦታ ላይ ከቆየ፣ በቦርዱ ላይ የተለጠፈው ቀጭን መዳብ ይነሣል፤ የተነሣ መዳብ ደግሞ እንደ ነበረው አይመለስም። ሌንስ የሚለውጥ ሰው ሥራውን ቢያበላሽ ሌላ ሌንስ ይገዛል፤ ቦርዱን ያበላሸ ግን ምን ይገዛል? የምቃወመው መጠገንን ሳይሆን የማይመለሰውን ለውጥ ነው፤ ረክሷል ያልኩትም ይህንኑ አስቤ ነው።

የቀጨኔው ጠጋኝ፦
«ምትክ የለውም» የሚሉት ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠን ዕቃ ነው። ሌንስ እንለውጥ ቢባል እንኳ እኔ ገበያ ላይ የማገኘው አብዛኛው ከሌላ አሮጌ ዕቃ የተነቀለ ነው፤ እርስዎ የሚሉትን ጥገና ለመሥራት ሌላ ፕሌይስቴሽን መታረድ አለበት። የቱ ነው ታዲያ ማርከስ?

ባለ አምስት ጆይስቲክ፦
እኔ ለብዙ ዓመታት ጌም ቤት ስላስተዳደርኩ የማውቀውን ልናገር። በእኛ አካባቢ አቧራው ሌንስን አያስከርምም፤ ዲስኩም ከልጅ ወደ ልጅ እጅ ሲተላለፍ ተጭሮ ያልቃል። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ደጄ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ፤ ኳስ ጨዋታው መሀል ላይ ሲቆምባቸው ገንዘባቸውን መመለስ ግዴታዬ ነበር። ወፍራሞቹ ላይ ሃርድ ዲስክ ካስገባሁ በኋላ ግን ያ ሁሉ ቀረ። ጥንተ ጌም «ረክሷል» የሚሉት ዕቃ ቤተሰቤን ያስተዳደርኩበት ነው፤ ይህን ቃል ስሰማ ቅር እንደሚለኝ ይወቁልኝ።

ጥንተ ጌም፦
ወንድሜ፣ እንጀራዎን አልነካሁም። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ የነበሩት ጌሞች የተገዙ ነበሩ ወይስ የተቀዱ? ጥያቄውን ያነሣሁት እርስዎን ለመወንጀል አይደለም፤ ማከማቻውን የሚያወድስ ሁሉ በውስጡ ስለሚከማቸው ነገር ዝም ስለሚል ነው።

ባለ አምስት ጆይስቲክ፦
የተቀዱ ነበሩ፤ አልዋሽም። ኦሪጅናሉን የሚሸጥልኝ ሱቅ ቢኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሕጉ ከተነሣ የምኖርበትን አገር ልናገር። በአሜሪካ የዲጂታል ቁልፍ (ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ መቅዳትን ለመከልከል የሚያስገቡትን መቆለፊያ) መስበርን የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየ3 ዓመቱ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑ ጉዳዮችን ይወስናል። በ2021 በተሰጠው ውሳኔ የተበላሸ የጌም መሣሪያን የዲስክ ማንበቢያ ለመጠገን ወይም ለመለወጥ ሲባል ቁልፉን ማለፍ ተፈቅዷል። ስለዚህ ማንበቢያው እንደሚሞትና ባለቤቱም ዝም ብሎ ሊያየው እንደማይገባ ሕጉ ራሱ ተቀብሏል።

ጥንተ ጌም፦
እኅቴ፣ ያነበቡልን ግማሹን ነው። ያው ውሳኔ ጥገናው ሲያበቃ የተሰበረው ቁልፍ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያዛል። የልጁ ዕቃ የሚነሣው ግን በሜሞሪ ካርድ (ጨዋታ የሚቀመጥበት ትንሽ ካርድ) ላይ በተጫነ ማስነሻ ፕሮግራም ነው፤ ያ ካርድ ከተነቀለ ዲስኩ ዋጋ የለውም። ቁልፉ ተመልሷል ወይ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አልተመለሰም፤ በዚህ ላይ ትክክል ነዎት። ውሳኔውን የጠቀስኩት «ረክሷል» ለሚለው ቃል መልስ እንዲሆን እንጂ ልጁ በሕግ ነፃ ነው ለማለት አይደለም።

ቮልት ለኪ፦
ሁላችሁም ስለ ቃል ስትከራከሩ ይህን አንብቦ ነገ መበየጃ የሚያነሣው ጀማሪ ተረስቷል። ስሊሙ ከውጭ የኃይል አስማሚው የሚቀበለው 8.5 ቮልት ነው፤ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ደግሞ 12 ቮልት ይፈልጋል። ልጁ የላፕቶፕ ዲስክ የመረጠው እርሱ በ5 ቮልት ብቻ ስለሚሠራ ነው፤ በግምት ሌላ ዲስክ የሚያገናኝ ሰው ዲስኩንም ፕሌይስቴሽኑንም ሊያቃጥል ይችላል። «በፍላሽ ማጫወት እያለ ለምን ይበየዳል?» ለሚሉትም መልሱ ፍጥነት ነው። የዩኤስቢው ቀዳዳ የመጀመሪያው ትውልድ ስለሆነ ቢበዛ በሰከንድ 1.5 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ የዲቪዲ ማንበቢያው ግን ከ5 ሜጋባይት በላይ ይሰጥ ነበር። በፍላሽ ሲጫወቱ ቪዲዮው የሚንተባተበው በዚህ ምክንያት ነው። ለጀማሪ የምመክረው በሜሞሪ ካርድ ቀዳዳ የሚገባውን የኤስዲ ካርድ ማገናኛ ነው፤ እቤት ሊሠራ ይችላል፣ ቦርዱም አይነካም፤ ጥንተ ጌምም የሚቃወሙበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ጥንተ ጌም፦
አልቃወምም። የሚነቀል ነገር አያረክስም።

የቀጨኔው ጠጋኝ፦
አሁንም «አያረክስም» አሉ! እዚህ ቃል ላይ የምመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ እባብ የነደፈው ሰው ሲመጣላት የምታጠጣውን ሥር ማርከሻ ትለው ነበር። በአማርኛችን መርዝ ሲረክስ ሰው ይድናል። ልጁ የበየደው ዲስክ ለዚያ ዕቃ ማርከሻው ነው።

ጥንተ ጌም፦
የአያትዎ ሥር በሽተኛውን በቢላዋ አልከፈተም።

ቮልት ለኪ፦
እባካችሁ፣ ልጁ ራሱ ይናገር።

ባለ ስሊሙ፦
ፎቶግራፉን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጥንተ ጌም የፈሩት ደርሷል፤ ሁለት ቦታ ላይ መዳቡ ተነሥቶብኝ በቀጭን ሽቦ ከሌላ ነጥብ አገናኝቼዋለሁ። ዕቃው የታላቅ እኅቴ ነበር፤ ወደ ቤይሩት ለሥራ ስትሄድ ለእኔ ትታልኝ ሄደች፤ እርሷ በባለ 8 ሜጋባይቱ ካርድ ላይ አስቀምጣው የነበረው ጨዋታ ትናንት ማታ ካቆመችበት ተከፈተ። በስልክ አሳየኋት። አሁን የቀረኝ ችግር ክዳኑ ነው፤ ዲስኩ ከፍ ስላለ አልገጥም ብሏል። ፕላስቲኩን ከጎን ልቁረጠው?

ጥንተ ጌም፦
እንዳይቆርጡት እለምንዎታለሁ። የእኅትዎ እጅ የነካው ክዳን ነው። ዲስኩን በረጅም ሽቦ ወደ ውጭ ያውጡትና ክዳኑ እንዳለ ይዘጋ።

ቮልት ለኪ፦
ሽቦው በረዘመ ቁጥር ዲስኩ መረጃ ይሳሳታል። ቢቆረጥ ይሻላል።

የቀጨኔው ጠጋኝ፦
ነገ ይዘኸው ና፤ ሳንቆርጥ የሚቻል ከሆነ አብረን እንለካዋለን።