ልጄ 13 ልትሞላ ነው፤ ኢንስታግራም እንክፈትላት?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ በሚቀጥለው ወር 13 ይሞላታል። "ጓደኞቼ ሁሉ ኢንስታግራም አላቸው፣ እኔ ብቻ ቀረሁ" እያለች ሰላም ነስታናለች። አባቷ "ሃይስኩል ሳትጨርስ አይታሰብም" ብሏል። እኔ ደግሞ ብንከለክላትም ተደብቃ መክፈቷ አይቀርም ባይ ነኝ። የልጅን ስልክ በድብቅ የሚያሳይ አፕ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ። ያለፋችሁበት እስቲ ምከሩን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ኢንስታግራም ከ13 ዓመት ጀምሮ የሚፈቅደው ልጅ በዚያ ዕድሜ ይበስላል ተብሎ አይደለም። በፈረንጆቹ 1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ13 በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን ስለከለከለ ካምፓኒዎቹ እዚያው ላይ መስመር አሰመሩ። አውስትራሊያ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ 16 አድርጋዋለች። ስለዚህ አባቷ "ትንሽ ትቆይ" ቢል ያስኬዳል፤ "ሃይስኩል ሳትጨርስ" ግን በዛ።

ስትከፍቱላት ትክክለኛ የልደት ቀኗን አስገቡ። ዕድሜውን ከፍ አድርጎ የሚዋሽ ልጅ መከላከያው ሁሉ ይቀርበታል። ትክክለኛውን ካስገባችሁ ኢንስታግራም ራሱ አካውንቷን ፕራይቬት ያደርገዋል፣ ከማታውቀው ሰው መልእክት አይደርሳትም፣ ይህን ማላላት ብትፈልግም ከ16 በታች ስለሆነች የእናንተን ፈቃድ ይጠይቃል። ያንን የድብቅ አፕ ግን ተዪው። የነቃች ዕለት ሌላ አካውንት ትከፍትና አንቺ ባዶውን ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ።

ሴቲንጉ ቀላል ነው። ከባዱ ለሰው ማሰቡን ማስተማር ነው። አንድ የምናውቃቸው ቤተሰብ አያት አዲስ አበባ አረፉ። እዚህ ያለችው የ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው እንደሰማች ፎቷቸውን ከጥቁር ልብ ጋር ስቶሪዋ ላይ ለጠፈችው። አዝና ነው፤ የክፍሏ ልጆችም ሰው ሲሞትባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ አክስት አለቻት። ለእሷ መርዶው ገና አልተነገረም፤ ጓደኞቿ በዕረፍት ቀኗ እሁድ ጠዋት ተሰብስበው ሊያረዷት ተነጋግረው ነበር። የእናቷን ሞት ማታ የአሠሪዎቿን ዕቃ አጥባ ሳትጨርስ፣ ብቻዋን፣ ከስልክ ላይ አየችው። በልጅቷ ማን ይፈርዳል? መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን አስረድቷት ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሞት፣ ሕመም፣ እርግዝና፣ የሰው ፍቺ ባለቤቱ ሳያወጣው አይለጠፍም። ፎቶው ላይ ሌላ ሰው ካለ መጀመሪያ ይጠየቃል፤ ቡና ስትቆላ የተቀረጸች አክስትም ብትሆን። ሕጉ ለእኛም ይሠራል። ልጄን ጥምቀት ላይ ያነሳኋትን ፌስቡክ ላይ ከማውጣቴ በፊት አሳያታለሁ። ግማሹን "ኖ" ትለኛለች። ያናድደኛል፣ ግን አልለጥፈውም።

ከሚኒያፖሊስ
በላይኛው እስማማለሁ፤ ግን ልጆቹን ብቻ አንምከር። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ገብቶ በዘር የሚሰዳደበው ትልቁ ሰው ነው፤ እኛም ሳሎን ቁጭ ብለን ድምፁን ከፍ አድርገን እንሰማዋለን። ልጆቹ አማርኛ አይገባቸውም ብላችሁ አትታለሉ፣ ስድቡ ቶሎ ይገባቸዋል።

ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ልጅ የራሱ ራቁት ፎቶ ለሌላ ሰው ተልኮበት ወይም "ካልከፈልክ እበትነዋለሁ" ተብሎ ቢያስፈራሩት፣ ብር መላክ የለም፣ መልእክቶቹንም ማጥፋት የለም፣ ማስረጃ ናቸው። ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶውን ለማንም ሳትልኩ፣ ፎቶውን የሚለይ ኮድ (ዲጂታል አሻራ) ብቻ ወስዶ አብረውት የሚሠሩት ድርጅቶች እንዲያነሱት ያደርጋል። ለፖሊስም አመልክቱ። ልጁ ግን ቀድሞ ወደ እናንተ የሚመጣው እንደማትገድሉት ካወቀ ነው። ይህን ዛሬውኑ ንገሩት፤ የኛ ልጆች ከሌባው ይልቅ አባታቸውን ይፈራሉ።

ከአሌክሳንድሪያ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባቷ አነበብኩለት፤ መርዶው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። "በልደቷ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንከፍተዋለን፣ ስልኩ ግን ማታ ሳሎን ያድራል" ብሏል። ስናፕቻትስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እሱ ይቆያት። የተላከው ቶሎ ስለሚጠፋ ልጆች ምንም አይገኝም ብለው ይደፋፈራሉ፤ ስክሪንሾት ግን አለ። ከከፈተችም አፑ ውስጥ ባለው ካርታ ላይ ያለችበትን ቦታ ለማንም እንዳታሳይ አድርጉ።