ክርክር፦ ለመሰብሰብም ለመተኮስም የቱ ይሻላል፣ ፓይተን ወይስ ሞዴል 19?

ጠያቂው (ቨርጂኒያ)፦ ወገኖቼ፣ አንድ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ሁለት አሮጌ ሪቮልቨሮች (ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ የሚሽከረከርባቸው ሽጉጦች) አግኝቻለሁ። አንዱ ኮልት ፓይተን፣ ሌላው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ነው። ሁለቱም ስድስት ጎራሽ፣ ባለ 4 ኢንች፣ .357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሱ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች) የተሠሩ ናቸው። የፓይተኑ ዋጋ ከሌላው እጥፍ ይበልጣል። ለልጆቼ የሚተርፍ፣ እኔም ዘወትር ዒላማ የምተኩስበት እፈልጋለሁ። የቱን ልያዝ?

የዴንቨሩ፦ ፓይተኑን! በ1955 ሲወጣ የኮልት ቁንጮ ነበር። ያን ሰማያዊ ብረት ብርሃን ላይ አዙረህ እየው፤ ቀለሙ ከመግባቱ በፊት እንደ መስታወት ተወልውሏል። ምላጩ ለስላሳ ነው። ደግሞ ገንዘብህ አይጠፋም።

የዳላሱ፦ ወንድሜ፣ ውበቱን ማን ይክዳል? ሰውየው ግን ዘወትር እተኩሳለሁ ነው ያለው። ፓይተን ላይ ሲሊንደሩን (ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ) የምታዞረው ትንሽ ብረት ምላጩ ተስቦ ጥይቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሲሊንደሩን ገፍታ እንደያዘች ትቆያለች። ሲሊንደሩ ንቅንቅ የማይለው በእሷ ነው፤ የተኩሱም ግፊት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ትበላለች። ስትበላ ሲሊንደሩ ቦታው ላይ ሳይቆለፍ መቺው (ጥይቱን የሚያፈነዳው መዶሻ) ይወድቃል፤ ጥይቱ ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም ይተኮሳል ማለት ነው። ይህን በትክክል የሚጠግን እጅ ዛሬ በየከተማው አይገኝም።

ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ከመግዛትህ በፊት ባለሱቁን አስፈቅደህ ሞክረው። ጥይት እንደሌለበት በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ሲሊንደሩን በጣትህ ጫና ቀለል አድርገህ ያዝ አድርገው፣ መቺውን ቀስ ብለህ ወደኋላ ሳብ። መቺው ተስቦ ከመያዙ በፊት የሲሊንደሩ መቆለፊያ «ቀጭ» ብሎ መግባት አለበት። ስድስቱንም እንዲህ ፈትሽ። አንዱ እንኳ ከዘገየ ሽጉጡ ጥገና ይፈልጋል።

የዴንቨሩ፦ ሞዴል 19 የማይሰበር አስመሰልከው እኮ! በርሜሉ ይሰነጠቅ የለ?

የዳላሱ፦ ይሰነጠቃል፣ አልደብቅም። ፍሬሙ (ዋናው የሽጉጡ አካል) ቀጠን ያለ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ሲዘጋ ቦታ እንዲያገኝ የበርሜሉ ጀርባ ከታች በኩል ተሞርዷል። እዚያ ላይ ስስ ነው። ቀላሉና ፈጣኑ 125 ግሬን ማግነም (ግሬን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው) ሲደጋገምበት የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ኩባንያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወፈር ያለ ፍሬም ያላቸውን 586 እና 686 የሚባሉትን ሪቮልቨሮች ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የድንበር ጠባቂው ቢል ጆርዳን ሞዴል 19ን ያስወጣው ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ታጥቆት እንዲውል ነው እንጂ በየቀኑ ማግነም እንዲጎርስ አይደለም። በዚሁ ሽጉጥ የሚተኮሰውን ደከም ያለውን .38 ስፔሻል ጥይት አጉርሰው፣ ለልጅ ልጅህ ይደርሳል። ማግነሙን አልፎ አልፎ፣ 158 ግሬኑን ተኩስ። .38 ከማግነሙ አጭር ስለሆነ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፤ በደንብ ካልቦረሽከው ማግነሙ አልገባ ይልሃል።

የሲያትሏ፦ እኔ በሁለታችሁም አልስማማም። አሮጌ ፓይተን የሚገዛ ሰው ሳጥኑን፣ ወረቀቱንና ያልተነካ ቀለሙን ነው የሚገዛው። መተኮስ ካማረው ኮልት በ2020 ከማይዝግ ብረት ሠርቶ የመለሰውን አዲሱን ፓይተን ይግዛ። አደራ፣ የትኛውንም ብትገዛ በቆዳ ማኅደር ውስጥ አታስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ያዝጋል። ቀለሙንም አታሳድስ። ልጆች ቤት ስላሉ ደግሞ የሚቆለፍ ካዝና ከሽጉጡ በፊት ይገዛ።

የዴንቨሩ፦ እህቴ፣ ስለ ካዝናው አብሬሽ ነኝ። ሳይተኮስበት ተቆልፎ የሚኖር ፓይተን ግን ያሳዝነኛል። የሠሩት ሰዎች ምላጩን ያለሰለሱት እኮ እንዲሳብ ነው። በወር አንዴ በ.38 ቢተኮስበት ምን ይሆናል?

የዳላሱ፦ በወር አንዴ ከሆነ ምንም። እሱ ግን ዘወትር ነው ያለው።

ጠያቂው፦ ልቤ ወደ ሞዴል 19 እያደላ ነው። ቅዳሜ ሄጄ ሁለቱንም እፈትሻለሁ። በሲሊንደሩና በበርሜሉ መሃል ያለው ክፍተት ስንት ይሁን?

የዳላሱ፦ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ይዘህ ሂድ። ከ0.004 እስከ 0.008 ኢንች ጤነኛ ነው። ከ0.010 ካለፈ ዋጋ ሳታስቀንስ እንዳትገዛ። የበርሜሉን ጀርባ ከታች በኩል በባትሪ አብርተህ እይ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካየህ ተወው።