ቲንክፓድ ቲ430 ላይ ኤስኤስዲ ማስገባት ያዋጣል?

ሚጡ_ሂሳብ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ነው፣ አይ5፣ ራም 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ከነበረበት ያልተነካ 500 ጊጋ። ከፍቼው ቡና ጥጄ ብመለስ ያቺ ክብ ገና እየዞረች ነው። ታስክ ማኔጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 10 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም፣ ዲስኩ ግን 100 ላይ ተቸክሎ አይወርድም። ፎርማት አስደርጌው ትንሽ ደህና ሆነና ተመልሶ ባሰበት። የምሠራው ኤክሴልና ክሮም ብቻ ነው። አንድ ጥገና ቤት "አርጅቷል፣ ሽጪው" አሉኝ። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባውን ፈጣን ማከማቻ) ብገዛለት ይሻለዋል ወይስ ብሬን ውኃ በላው? ፋይሎቼስ?

ብሎን_ፈቺ፦ ኧረ እንዳትሸጪው! ምርመራውን ራስሽ ጨርሰሽዋል እኮ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ዲስኩ 100 ከሆነ የሚያጓትትሽ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ክንድ አለ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ጥቃቅን ፋይል ከየቦታው ስለሚፈልግ ክንዱ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው ጊዜው የሚያልቀው። ኤስኤስዲ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ማሽኑ እ.ኤ.አ. የ2012 ቢሆንም ዋናው የዲስክ ቦታ ሳታ 3 ነው (ሳታ ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው)፣ ኤስኤስዲ እዚያ ላይ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። የአሁኑ ቢበዛ 100 ምናምን ነው።

ስትገዢ 2.5 ኢንች ሳታ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ በይ። ሻጩ "ኤንቪኤምኢ (ሌላ ዓይነት ኤስኤስዲ) ይፈጥናል" ካለሽ እውነቱን ነው፣ አንቺ ላፕቶፕ ላይ ግን መግቢያ የለውም።

መግጠሙ ቀላል ነው። ቻርጀሩን ነቅለሽ ባትሪውን አውጪ። ከሥር የዲስኩን ክዳን የያዘች አንዲት ብሎን አለች፣ እሷን ፈትተሽ ዲስኩን ትስቢዋለሽ። ግራና ቀኝ ያሉትን ጥቁር ላስቲኮች እንዳትጥያቸው፣ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ፣ ያለነሱ ዲስኩ ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

ሊኑክስ_በጠዋቱ፦ ክሎንዚላ በሚባል ዲስክ ገልባጭ ፕሮግራም ሙሉውን ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል፣ ግን አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ካነሰ ያስቸግራል። እኔ ብሆን ዊንዶውሱን አዲስ እጭናለሁ፣ የዓመታት ኮተት ለምን ይሻገራል? ፋይሎችሽን ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ ገመድ ከአሮጌው ትቀጃለሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ይሄ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሪው እል ነበር፣ ኤክሴል ካልሽ ግን እዚያ ላይ በቀጥታ ስለማይጫን ተውኩት 😄

ሚጡ_ሂሳብ፦ ተባረኩ! ስሙን የማላውቀው 2 ቴራ በጣም ርካሽ አየሁ፣ እሱን ልግዛ?

ብሎን_ፈቺ፦ በፍጹም! የ2 ቴራ ዋጋ የ256 ጊጋ ያህል ከሆነ ውሸት ነው። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያሳይሻል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ፋይሎችሽ መበላሸት ይጀምራሉ። የታወቀ ብራንድ 256 ወይም 512 ይበቃሻል። አሮጌው ዲስክ ደህና ከሆነ ኬዝ (በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማቀፊያ) ግዢለት፣ ኤክስተርናል ይሆንልሻል።