የአሮጌዋ ጀልባ ሞተር ጥገና፦ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ የማህበሩ ጀልባ ከዘጌ ስትመለስ መሃል ጣና ላይ ሞተሯ እንደገና ጠፋ። ቱሪስት ይዛ ተጎትታ ገባች። ክረምት ሳይገባ እንወስን። ረቂቁ ይኸው፦ የነዳጅ ቱቦ ከነመጭመቂያ ጎማው፣ ውሃ የሚለይ ፍልትሮ፣ ካንዴላ፣ የመካኒክ የእጅ ዋጋ ከነምሳው። ከሣጥን ይከፈል።

ሒሳብ ያዥ፦ ምሳ የሚለው ይውጣ።

ዘጌ መስመር፦ መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ድንገት ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ሞተር ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኮረንቲ ነው፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና፣ ወይም የማጥፊያው ገመድ። የኛዋ ግን እያንገራገረች ነው የምትጠፋው። ትንሽ ስታርፍ ትነሳለች። ይሄ የነዳጅ ነገር ነው። በሳልባትዮው፣ በቤንዚን መያዣው፣ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ማን አየ? እሷ ከተዘጋች ቤንዚን አይሳብም፣ ጎማዋም ተጣብቃ ትቀራለች። ሲጠፋ ክዳኑን ላላ አድርጉት። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበ ተገኘ ማለት ነው። ሳንቲም አያስወጣም።

ደብረ ማርያም መስመር፦ እምቦጭ ነው።

ዘጌ መስመር፦ እምቦጭ የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ ነው የሚደፍነው። ያኔ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ውሃ ይቀጥን ነበር። እሱ ደህና ነው።

ነባር አባል፦ ክዳኗን ልጆቹ ማዕበል እንዳይገባ ብለው ያጠብቋታል። ለመሆኑ ምሳውን ምን አደረጋችሁት? መካኒክ ጦሙን ይዋል?

ሒሳብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ማህበሩ ምሳ ከፍሎ አያውቅም።

ነባር አባል፦ ቀለም ቀቢው የበላውን ዓሣ ጉላሽ ማን ከፈለ?

ሒሳብ ያዥ፦ ደረሰኝ አለ?

ነባር አባል፦ ለጉላሽ ደረሰኝ! አንተ ሣጥኑን የአባትህ አደረግከው እንዴ?

ሒሳብ ያዥ፦ አባቴን አይንኩ። ቁልፉን ለፈለገ አስረክባለሁ።

ደብረ ማርያም መስመር፦ መካኒኩ የሚመጣው ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ሽሮ ይበቃዋል።

ነባር አባል፦ ዓሣ በጾም ይበላል።

ደብረ ማርያም መስመር፦ እርስዎ ቤት ይበላ ይሆናል።

አዲስ አባል፦ ኧረ ተረጋጉ። ቅዳሜ ጠዋት ቤንዚኑን ከጀሪካን በጠርሙስ ቀድቼ አያለሁ። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ዘይቱንም ማን በምን እንደሚለካ እጠይቃለሁ። ለኛ ሞተር አንድ እጅ ዘይት ለሃምሳ እጅ ቤንዚን ነው መሆን ያለበት፣ በግምት መሆኑ ይቅር።

ጸሐፊ፦ እግዜር ይስጥህ። ጋሼም ይቅር ይበሉ፣ «ምሳ» በ«መስተንግዶ» ተተክቷል።

ሒሳብ ያዥ፦ መስተንግዶ ከሆነ ለሁሉም አባል ነው።

ነባር አባል፦ አሁን ሰው ሆንክ። ልጄ፣ በአባትህ የመጣሁት ተናድጄ ነው።

ደብረ ማርያም መስመር፦ የት ነው የምንስተናገደው? ፀሐይ ላይ? ሣጥኑ ከተከፈተ አይቀር ወደቡ ላይ ጥላ እንሥራ። እንግዳም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ነባር አባል፦ ይሄ ነው ሐሳብ!

ጸሐፊ፦ የቅዳሜው ልጅ የት ደረሰ? ስልኩ አይነሳም። ጠርሙሱን ያየ አለ?

ሒሳብ ያዥ፦ አላየንም። የተሻሻለውን ረቂቅ ጻፍ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ የቆርቆሮ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስተንግዶ። ከተረፈ ፍልትሮ።

ዘጌ መስመር፦ ክዳኗንስ? በነጻ ነው አልኳችሁ እኮ።

ነባር አባል፦ እሺ፣ ይታያል። ቆርቆሮ ርካሽ የት እንዳለ የሚያውቅ ዋጋ ይጻፍ።