«መጽሐፉን ተከተዪ» ለተባለችው ልጄ፦ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ከትናንት ጀምሮ ውስጤ አልረጋ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። በጠቅላላ ሳይንስ ፈተና ላይ «ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው?» የሚል ባዶ ቦታ ሙላ መጣ። 92 ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገባትና ከጎኑ «መጽሐፉን ተከተዪ» ተብሎ ተጻፈ።

92ን ያገኘችው ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ አባቷ ከሥራ ቦታው ረጅም የመስታወት ቴርሞሜትር ተውሶ አመጣላት። ድስት ሙሉ ውሃ ጣደች። ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ቴርሞሜትሩን በክር አስራ ከማማሰያ ላይ አንጠለጠለችው። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር 92 ላይ ቆመ። ምድጃውን ጨመርኩላት፤ 92። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ያው 92። «እማ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለችና ከፍሪጅ በረዶ አውጥታ፣ ውሃ ጨምራበት ቴርሞሜትሩን ነከረችው። ቁልቁል ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ። ያኔ ነው አባቷን «ታዲያ ለምን?» ያለችው። እሱም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት አነስተኛ እንደሆነ አስረዳት።

የአንድ ማርክ ጉዳይ አይደለም። ማታ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እማ፣ ከአሁን በኋላ የማየውን አልጽፍም።» ይህን ነው መሸከም ያቃተኝ።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ግን እስኪ ለመምህሩም አስቢለት። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 68 ተማሪ አለኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ ጸጥ አሰኝቼ ስጨርስ 30 አይሞላም። የነበረን አንድ ቴርሞሜትር ከተሰበረ ቆይቷል። በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደግሞ ልጆቹ የሚፈተኑት በምርጫ ነው። 100ን ያላጠቆረ ልጅ ማርኩን ያጣል፣ የሚወቀሰው መምህሩ ነው። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ልጅ መጀመሪያ ይወቅ፣ ከዚያ ይጠይቅ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቅኔ አይዘርፍም።

አውሮራ ኮሎራዶ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን «መጀመሪያ ይወቅ» ሲሉ ምኑን ነው የሚያውቀው? ልጅቷ እኮ የጻፈችው ያወቀችውን ነው። እኔ ያለሁት ዴንቨር አጠገብ ነው፤ ከፍታችን 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ልጄ 7ኛ ክፍል እያለ መምህርቱ ይህንኑ ሙከራ አሠራቻቸው፣ 95 አካባቢ አገኙ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፉ ተባሉ፦ ምን ትላለህ? ማስረጃህ ምንድን ነው? ማስረጃህ ያልከውን የሚደግፈው በምን ምክንያት ነው? ልጁ ቁጥሩን ቢያገኝም ሦስተኛውን ካልመለሰ ሙሉ ማርክ አይሰጡትም። የእኛ ልጅ ሦስቱንም ቤቷ ውስጥ ሠርታ ነው የሄደችው። በረዶውን ያሰበችው ራሷ ናት!

የፕላዝማ ትውልድ፦
እኔ የያዝኩት «ከዚያ» የምትለዋን ቃል ነው። ከዚያ መቼ ነው መምህር? እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በተተከለ ሰሞን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መምህራችን ሰሌዳው ጥግ ቆመው ከእኛ ጋር ያያሉ። አንድ ቀን አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ መምህሩ «ቆይ፣ ያመልጠናል» አሉት። 10ኛም እንዲሁ፣ 12ኛም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የላብራቶሪ ሪፖርቱን ከሲኒየር ተቀብለን ቀን ቀይረን ነው ያስገባነው። ያ «ከዚያ» ያሉት ቀን ለእኔ እስከ ዛሬ አልመጣም።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ የፕላዝማውን በደል በእኔ ላይ አታራግፈው፤ እኛንም ነው ጥግ ያስያዘን። አሁን ያለውን እንይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ ነው። በ2016 5.4 ደረሰ። ይህ ትውልድ መጠየቅ ስላልቻለ አይደለም የወደቀው፤ ባለማወቁ ነው። የማያውቅን ልጅ «ማስረጃህ ምንድን ነው» ብትለው ምን ያመጣልሃል?

የፕላዝማ ትውልድ፦
ያ የወደቀው ልጅ እኮ 12 ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ እወቅ» ሲባል የኖረ ነው! እርስዎ በሚሉት መንገድ ተምሮ ካላወቀ፣ ቁጥሩ የሚመሰክረው በእርስዎ ላይ ነው።

የኬሚስትሪ ሰው፦
ሁለታችሁም ቁጥሩን ተዉት። ያ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃውም ተዘጋ፣ ማለፊያውም 50 ሆነ። 3.2 በመቶ ስንት ልጅ እንዳለፈ ይነግረናል፤ የቀረው ለምን እንደወደቀ አይነግረንም። ስለ ማስረጃ እየተከራከርን ማስረጃ የማይሸከመውን አንጫንበት።

ወደ ውሃው ልመለስ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 300 ሜትር ገደማ ከፍ ባላችሁ ቁጥር መፍያው በ1 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ድሬዳዋ 96 ገደማ፣ አዲስ አበባ 92፣ የመምህሩ ደብረ ብርሃን 91 እንኳ አይሞላም፣ ራስ ዳሽን ጫፍ 85 አካባቢ። እናቶቻችን ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለ እንጨት የሚፈጅባቸው ለዚህ ነው። 100 ለምጽዋ ልክ ነው። ጥያቄው «በባሕር ጠለል ላይ» የሚል ሐረግ ቢኖረው ኖሮ ልጅቷም 100 ትል ነበር። ስህተቱ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
በሳይንሱ አልከራከርህም፤ ለ11ኛ ክፍል ስደርስ እኔም እነግራቸዋለሁ። 7ኛ ክፍል ላይ ግን የ13 ዓመት ልጅ «ውሃ በ92 ይፈላል» ብሎ ይዞ ሲወጣ ነገ ድሬዳዋ ምን ሊል ነው? አንድ የታወቀ ቁጥር ይያዝ።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ድሬዳዋ ሲሄድ እንደገና ይለካላ፣ መምህር! የልጄም ሐሳብ ይኸው ነው። ክረምት ሐረር አክስቷ ጋ ስትሄድ ቴርሞሜትሩን ይዛ ልትሄድ ነበር።

ጽናት፦
እኔ ሳይንስ አልጠላም። ግን ይህ «ሁሉን በማስረጃ» የሚሉት ነገር የት እንደሚያደርስ ወላጆች አስባችሁበታል? ዛሬ ውሃ መለካት ነው፤ ነገ ጸበሉን ልለካ ይላል። ከነገ ወዲያ ሉሲን ይዞ መጥቶ አባቱን ሊሞግት ነው። የእኛ ባህል ታላቅን ሰምቶ መቀበል ነው። መምህሩ «መጽሐፉን ተከተዪ» ማለታቸው ለእኔ ነውር የለበትም።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦
እህቴ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ባህላችንን እንዲህ አታሳንሺው። የመጻሕፍት መምህሬ አንድን ቃል ሲተረጉሙ «አንድም»፣ «አንድም»፣ «አንድም» እያሉ ነው ያስተማሩኝ። ቅኔ ስንቆጥር የጓደኛችንን ቅኔ እየነቀስን፣ ቤት መትቷል አልመታም፣ ምሥጢሩ ይሄዳል አይሄድም እያልን ስንሟገት እናመሽ ነበር። ዝም ብሎ የተቀበለ ተማሪ አይመረቅም። መጠየቅን ከፈረንጅ የተዋስነው አድርገሽ አታቅርቢው። በ1999 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዳያቋርጡ ያሳሰቡትን አስታውሺ። ያንን የሰማ ስንቱ ነው ዛሬ ልጆቹን የሚያሳድገው!

ጽናት፦
እኔ አባቶችን አልተናገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ሙግት ሥርዓት አለው፣ መምህር ይመራዋል። እኔ የፈራሁት ሥርዓት የሌለውን ነው።

የኬሚስትሪ ሰው፦
የቆሎ ተማሪው፣ ጥሩ ተናግረሃል፤ አንድ ነገር ግን ልለይ። አንድምታ ትርጓሜ ያበዛል፣ ሁሉንም ያኖራል። መለካት ግን የተሳሳተውን ይጥላል። ልጅቷ በረዶውን ባታስገባ ኖሮ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚለውም «አንድም» ሆኖ ይቀር ነበር። ዜሮን ስታይ ያ ሐሳብ ወደቀ። 7ኛ ክፍል ላይ ማስተማር ያለብን ይህንን መጣል ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦
አንድምታም የሚጥለው አለው፤ ከምሥጢር የወጣ ትርጓሜ ይጣላል። ያልተማርከውን ባትፈርድ ደስ ይለኛል።

የኬሚስትሪ ሰው፦
እዚህ ላይ ልታረም። የምትጥሉበት መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ ይህን አልተውም።

ሲቪል መሐንዲስ፦
ከርዕሱ ወጥታችኋል፤ እኔ ወደ «መጀመሪያ ይወቅ» ልመልሳችሁ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲያወዛውዘን ታስታውሳላችሁ። እኔ 9ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ አምፖሉ ሲወዛወዝ ልጆቼን ታቅፌ በደረጃ ወርጃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት በቤተሰብ ግሩፓችን «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል ድምፅ ተላከ። የሕንፃችን ሰው ብርድ ልብስ ይዞ ግቢ ውስጥ አደረ። ከእነሱ ውስጥ ሐኪም አለ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ የሒሳብ መምህር አለ። ሁሉም ስምጥ ሸለቆን ተምረው፣ ተፈትነው፣ ያለፉ ናቸው። በ1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንደተከፈተ የሚያውቅም ነበረባቸው። የመሬት መንቀጥቀጥን ሰዓት ቆርጦ ሊናገር የሚችል ሳይንስ ዓለም ላይ እስካሁን የለም። ግን «ይህን ያለው ማን ነው? በምን አወቀ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ወርጄ አደርኩ። መምህር፣ እኛ መጀመሪያ አውቀን ነበር።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
ይህ ነገር ነካኝ፤ አልክድም። ግን ሌሊት በጭንቅ መውረድና ክፍል ውስጥ ማስተማር አንድ አይደሉም። ልጅህን ይዘህ መውረድህን ማንም አይነቅፍህም።

ሲቪል መሐንዲስ፦
አልነቅፍም። የመጀመሪያው ቀን መውረዴ ልክ ነበር፤ ሲወዛወዝ በዓይኔ አይቻለሁ። የድምፁ ቀን ግን ያየሁት ነገር አልነበረም።

ባለ ሁለት ልጅ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ጥያቄው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው አይደል? አዲስ አበባ እስከ 6ኛ ሳይንስን በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ላይ ድንገት በእንግሊዝኛ ነው የሚጀምረው። የእኔ ልጅ «ለምን» ብሎ የሚጠይቅበት ቃል እንኳ የለውም፤ ስለዚህ ይሸመድዳል። ማስረጃና ምክንያት ከማለታችሁ በፊት ልጁ የሚያስብበትን ቋንቋ መልሱለት።

አውሮራ ኮሎራዶ፦
የእኔ ልጅ እንግሊዝኛውን እየጠጣ ነው ያደገው፣ እሱም ቢሆን ካላሠሩት ይሸመድዳል። ቋንቋው ብቻ አይመስለኝም።

ባለ ሁለት ልጅ፦
ቤትህ ውስጥ የሚሰማውን ቋንቋ ትምህርት ቤትም ያገኘዋል። የእኛ አያገኘውም። ከእኛ ጋር አታወዳድረው።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
በቋንቋው ከባለ ሁለት ልጅ ጋር ነኝ። እኔ ክፍል በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ በአማርኛ እተረጉማለሁ፣ ደወል ይደወላል። ለጥያቄ የሚተርፍ ደቂቃ የለኝም። ጨካኝ አድርጋችሁ አትሳሉኝ።

የኬሚስትሪ ሰው፦
ማንም ጨካኝ አላለዎትም፣ መምህር። ግን 68ቱ ልጅ አይለካም ብለን እንውሰድ፤ አንዷ ለክታ ስትመጣስ? እሷን ኤክስ ማድረግ ክፍለ ጊዜም፣ ቴርሞሜትርም አይጠይቅም። «ከየት አመጣሽው?» ማለትም እንዲሁ። ሁለቱም እኩል ሰከንድ ነው የሚፈጁት።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
«ከየት አመጣሽው» ማለት ነበረበት። ይህን አምናለሁ። ማርኩን ግን አልሰጥም ነበር፤ አንዷን ብሰጥ 67ቱ በነጋታው ቤታችን ለካን ብለው የፈለጉትን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ።

የፕላዝማ ትውልድ፦
ይምጡ! 67 ልጅ ቤቱ ውሃ ጥዶ ከመጣ እኮ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋለህ? የማን ቁጥር ልክ እንደሆነ ያኔ ይከራከሩ።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንብቤያችኋለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ልሄድ ነው። ልጄ ግን «አትሂጂ፣ ያውቁኛል» ብላ ለመነችኝ። አባቷ ሂጂ ይላል። ቴርሞሜትሩን ልመልስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት አውጥታ ደብቃዋለች።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
ሂጂ። ግን መምህሩን ለብቻው አናግሪው፣ ልጅቷ ፊት አታድርጊው። መምህር በተማሪው ፊት ከተረታ ያ ክፍል ከእጁ ይወጣል።

አውሮራ ኮሎራዶ፦
ኤክሱን ያደረገው በልጅቷ ወረቀት ላይ ነው፤ ሲያስተካክለውም ልጅቷ ትይ። እዚህ መምህርቱ ተሳስታ ልጄ ሲያርማት ክፍሉ ፊት «አመሰግናለሁ» ብላዋለች፣ ክፍሉ ከእጇ አልወጣም።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
እዚያ አሜሪካ ነው፣ ወንድሜ።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ድስቱን ይዤ ልሂድ ይሆን? እውነቴን ነው የምጠይቀው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ምድጃ ይኖር ይሆን?