የመኪናው ኢንተርኔት ነጻ ጊዜው አለቀ፤ ልክፈል ወይስ ልተወው?

የአዘዞው ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በቅርቡ መኪና ቀየርኩ፤ ኤሌክትሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ነጻ ነበር። ሙዚቃው፣ ካርታው፣ ልጆቹ ቻርጅ ላይ ስንቆም የሚያዩት ካርቱን፣ ሁሉም። አሁን ነጻ ጊዜው አለቀና በወር 10 ዶላር ገደማ ክፈል ይለኛል። የባለቤቴ መኪና ደግሞ ሌላ ኩባንያ ነው፤ እሱም የራሱን ይጠይቃል። በዚያ ላይ የሳተላይት ሬዲዮ ሻጮች በስልክ አላስቀምጥ ብለውኛል። የቱ ነው እውነት የሚያስፈልገው?

ሁለተኛ ጥያቄ። ወንድሜ ጎንደር ነው ያለው። ወደፊት ይቺን መኪና ልልክለት አስባለሁ። ኢንተርኔቷ እዚያ ይሰራል?

ባለ ስክሪኑ፣ ጎንደር ፒያሳ

ሰላም የአዘዞው። ሜሪላንድ ኖሬ ተመልሻለሁ። አሁን ፒያሳ አካባቢ ስልክና የመኪና ስክሪን እያስተካከልኩ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። እናንተ ዘንድ መኪናው ከነኢንተርኔቱ ይሸጥና ትንሽ ቆይቶ ሂሳቡ ይከተላል። እኛ ዘንድ የሚገባው መኪና ግን ኢንተርኔቱ ገና ከመንገድ የሞተ ነው። ከቻይና የሚመጣው ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው ሲም አብዛኛውን ጊዜ አይሰራም። አፑ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ስክሪኑ በቻይንኛ ያወራል፤ ባለቤቱም በቋንቋው ካልሆነ አይሰማኝም ብሎ በአማርኛ ይሳደባል። ሆኖም መኪናው ይነዳል። ሰውየው ስልኩን መያዣው ላይ ይሰካል፣ ዘፈኑን በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ይከፍታል፣ ማራኪ ሰፈር ደርሶ ይመለሳል።

እና ምክሬ ይሄ ነው። ከመክፈልህ በፊት ጎንደር ያለው መኪና ምን እንደጎደለው አስብ። ከጎደለው ውስጥ አንተን የሚቸግርህን ብቻ ግዛ። ሌላው ቢቀር አይታወቅህም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መኪናው በራሱ ሲም ኢንተርኔት እንዲያገኝ የምትከፍለው ነው። ሁለተኛው ለኔትፍሊክስ፣ ለስፖቲፋይ፣ ለመሳሰሉት የምትከፍለው። የመጀመሪያውን ስለከፈልክ ኔትፍሊክስ ነጻ አይሆንም። ብዙ ሰው ሁለቱን ከከፈለ በኋላ ለስልኩ ዳታ ደግሞ ሦስተኛ ይከፍላል፤ ሦስቱም ያንኑ አንድ ዘፈን ለመስማት።

የትኛውን መኪና እንደያዝክ አልነገርከንም፤ በሚታወቀው ልጀምር። ቴስላ አሜሪካ ውስጥ ፕሪሚየም ኮኔክቲቪቲ የሚለውን በወር 9.99 ወይም በዓመት 99 ዶላር ይሸጣል። ባትከፍልም አቅጣጫ መሪው ይሰራል፤ ስልክህም በብሉቱዝ ይገናኛል። ይህ መሠረታዊው አገልግሎት ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በታዘዙት መኪኖች ላይ ለ8 ዓመት ነው የሚሰጠው። ካልከፈልክ የሚጎድልህ በመኪናው ሲም ቪዲዮና ሙዚቃ መክፈት፣ የሳተላይት ካርታና የትራፊኩን መጨናነቅ በቀለም ማየት ነው። ቪዲዮው ደግሞ መኪናው ሲቆም ብቻ ነው የሚከፈተው። ከቆምክማ የስልክህን ሆትስፖት አብራና መኪናውን በዋይፋይ አገናኘው፤ ያው ኔትፍሊክስ ይከፈትልሃል።

ሆትስፖቱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው በጥሩ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት። ሙዚቃ ግን ቀላል ነው፤ በ160 ኪሎቢት ስትሰማ በሰዓት 72 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዘፈን ለመስማት ብሎ የመኪና ኢንተርኔት የሚገዛ ሰው አይገባኝም። ፊልም ከሆነ የስልክህን ውል አንብብ። ብዙው «ገደብ የለሽ» የሚባለው ፓኬጅ ሆትስፖት ላይ ሲደርስ ገደብ አለው። ለልጆቹ ከሁሉ የሚሻለው ቤት ባለው ዋይፋይ ታብሌቱ ላይ ማውረድ ነው። እኛ ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ስንወጣ የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ካርታውም ዘፈኑም ቀድሞ ካልወረደ በዝምታ ነው የምትሄደው።

ባለቤትህ መኪና ላይ ስልክን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው አፕል ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ካለ ጉዳዩ አልቋል። የስልኩን ዳታ ይጠቀማል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል ኩባንያዎቹ የማይወዱት። ጄኔራል ሞተርስ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ላይ ሁለቱንም እንደሚያስቀር ተናግሯል፤ እንደ ሼቭሮሌ ብሌዘር ኤሌክትሪኩ ያሉት ያለ እነሱ ወጥተዋል። ቀጣይ መኪና ልትገዙ የምታስቡ፣ የቆዳውን ወንበር ከመዳሰሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የመኪናው ሲም ዕድሜ ከመኪናው ዕድሜ ያጥራል። ከአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ኤቲኤንድቲ የድሮውን የ3ጂ ኔትወርክ በየካቲት 2022፣ ቬራይዘን በዚያው ዓመት ማብቂያ ሲዘጉ ብዙ ደህና መኪና ኢንተርኔቱን አጣ። ሞተሩ እንዳለ ነው፤ አፑና የድንገተኛ ጥሪው ግን ቀጥ አለ። ስለዚህ «ለ10 ዓመት» የሚል ውል ሲያሳዩህ ኔትወርኩስ እስከዚያ ይቆያል ወይ በል።

የልጆች እናት፣ ሚኒሶታ

ወንድሜ፣ ፒያሳ ፀሐይ እየሞቅህ እንዲህ ማለት ይቀላል! እዚህ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይሆናል። እኔ ሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ከሆስፒታሉ ሳልወጣ በስልኬ መኪናዬን አስነስቼ አሞቃታለሁ። ለዚያ እከፍላለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው። ኔትፍሊክሱን ያንሱት፣ ግድ የለኝም። አደጋ ሲደርስ የምጫናት የድንገተኛ ጥሪ ቁልፏም አለች። ብቻዬን በበረዶ ስነዳ እሷን ሳይ ልቤ ይረጋል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ቁልፌ ላይ ራሱ ሞተር ማስነሻ አለ፤ እሱም ደንበኝነት ካልተከፈለ ይዘጋል ተባልኩ። ቁልፉ እጄ ላይ፣ መኪናው ፊቴ!

ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ በአውሮፓ የድንገተኛው ጥሪ በሕግ ነው። ከመጋቢት 31 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚፈቀድ የመኪና ሞዴል ሁሉ ኢኮል የሚባለውን መያዝ አለበት። ከባድ ግጭት ሲደርስ መኪናው ራሱ ወደ 112 ደውሎ ያለህበትን ቦታ ይልካል፤ ክፍያ የለውም። እዚህ ያላችሁ ሻጩ «ይህን ካልከፈልክ የድንገተኛ ጥሪ የለህም» ቢላችሁ አትስሙት። የሚሸጥላችሁ ከሱ በላይ ያለው የኩባንያው የራሱ አገልግሎት ነው።

ወንበር ማሞቂያም በወር ሊያከራዩን ነበር እኮ። ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች ጀመረው፣ ሰው ሲንጫጫ በ2023 ተወው። መንጫጫት ይጠቅማል።

ባለ ስክሪኑ፣ ጎንደር ፒያሳ

የሚኒሶታዋ እህቴ፣ ተጣልተን አይደለም። ያልሽው ልክ እኔ የምለው ነው፤ ጎንደር ያለው መኪና የጎደለው ነገር አንቺን ይቸግርሻል፣ ስለዚህ ግዢው። እዚህ ማለዳ ብርድ ቢሆን አንድ ጋቢ ይበቃል። የቁልፉ ነገር ያንቺ ብቻ አይደለም። በ2021 መጨረሻ ቶዮታ ላይ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ጫጫታ ተነስቶ ነበር። ከመግዛት በፊት ሻጩን «ነጻው ጊዜ ሲያልቅ በትክክል ምን ምን ይዘጋል? ጽፈህ ስጠኝ» በሉት። በቃሉ የሚነግራችሁን አትቁጠሩት።

ሌላም አለ፤ ገንዘብ የማይመስል ክፍያ። ኢንተርኔት ያለው መኪና የት እንደሄድክ፣ እንዴት ፍሬን እንደያዝክ ያውቃል። በ2024 የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የሰበሰቡት የአነዳድ መረጃ በመረጃ ደላሎች በኩል ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች መድረሱ ተጋልጦ ጉድ ተባለ። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ ለ5 ዓመት ለእነዚህ መረጃ ሻጮች እንዳይሰጥ የሚያግድ ስምምነት አወጣ። ስለዚህ «ጥሩ አነዳድ ሽልማት» የሚመስል ነገር ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እሽ ብላችሁ አትለፉት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መረጃ ማጋራቱን አጥፉት።

የሳተላይት ሬዲዮው የአሜሪካና የካናዳ ነገር ነው፤ እዚህ አይሰማም። እነሱን ለመተው ጽኑ ልብ ያስፈልጋል። ኒውዮርክ ውስጥ በ2024 አንድ ዳኛ የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያው ሲሪየስ ኤክስኤም ደንበኛ ሲሰናበት ሂደቱን ከሕግ ውጭ አክብዷል ብሎ ፈርዷል። አጥፉልኝ ብለህ በአንድ ቃል ጽና፤ ቅናሽ ሲሉህ ያንኑ ቃል ድገመው።

አሁን ወደ ጎንደሩ ጥያቄ። ባጭሩ፣ አይሰራም ብለህ አስብ። የመኪናው ሲም የአሜሪካ ኩባንያ ውል ነው፤ እዚህ ሲደርስ የሚቀበለው የለም። ካርታውም አብዛኛውን ጊዜ የሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው፤ ጂፒኤሱ ቦታህን ያገኛል፣ መንገድ ግን አያሳይም፤ ባዶ ሜዳ ላይ የቆምክ ይመስልሃል። ደንበኝነቱን ወንድምህ እዚህ ሆኖ ሊከፍል ቢፈልግ እንኳ የውጭ ምንዛሪ የሚቆርጥ ካርድ ይፈልጋል፤ ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ ይወድቃል። ያችን 10 ዶላር ለስልኩ ፓኬጅ ብትሞላለት ይሻላል፤ ሆትስፖት ከፍቶ መኪናውን ያገናኛል።

መኪናዋ መርከብ ላይ ከመውጣቷ በፊት ግን እዚያው ሆነህ የምትጨርሰው ሥራ አለ። ሶፍትዌሯን አድስ፤ እዚህ ማደሱ ጣጣ ነው። ከወንድምህ ስም ጋር የሚሄድ ከሆነ ባለቤትነቱን በአፑ አዛውር። ያለዚያ አንተ ቨርጂኒያ ተኝተህ የሱ መኪና ያንተን አፕ ሲጠራ ያድራል፤ ወይም የባሰው፣ ሌላ ገዢ እጅ ከገባች አሮጌው ባለቤት አፑ ላይ ቁጥጥሩ ሳይነሳ ይቀራል። የቤት አድራሻህን፣ የስልክ ዝርዝሩን፣ የጋራዥ በር መክፈቻውን አጥፋ። የክፍያ ካርድህንም ንቀል።

ከሁሉ በላይ ቁልፎቹን በሙሉ ላክ። በአፕ ከሩቅ መክፈት ስልኩም መኪናውም ኢንተርኔት እንዲኖራቸው ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ያን ጊዜ በአፕ ብቻ የሚከፈት መኪና ቢኖርህ ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት ምን ትሆን ነበር? የካርድ ቁልፍ ወይም በብሉቱዝ የሚከፈተው ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም።

የአዘዞው ልጅ፣ ቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሬዲዮውን ተውኩት፤ ሦስት ዓይነት ቅናሽ አቀረቡልኝ። የባለቤቴ መኪና ካርፕሌይ አለው፤ የሷንም አቆምን። የኔን እስከ ክረምት ልይዘው፣ ልጆቹ አለቀሱ።

ወንድሜ ግን ይህን ሁሉ ነግሬው «ታዲያ ጎንደር ላይ ኔትፍሊክስ በትልቁ ስክሪን ይከፈታል አይከፈትም?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ባለ ስክሪኑ፣ ጎንደር ፒያሳ

ቆሞ፣ በሆትስፖት፣ ኔትወርክ በጠራበት ቀን ሊከፈት ይችላል በለው። ከዚያ ወሬውን አስቀይረውና የቻርጅ ሶኬቱን ጠይቀው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር ውስጥ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ በብዛት የሚመጣውም ከቻይና ስለሆነ ሶኬቱ ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው። የአሜሪካው ሌላ ነው፤ ያለ አስማሚ አይገጥምም። ቤቱ ግድግዳ ላይ በ220 ቮልት ቀስ ብሎ የሚሞላበትን ገመድና አስማሚውን አብረህ አስጭን። የመኪናዋን ሞዴልና የሶኬቱን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፤ የሚስማማውን እነግርሃለሁ።